የዓሳ ኩሬ ውሃና ጭቃ ለአትክልት፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያስ እውነት ይሰራል?

ኩሬና_መደብ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። አነስ ያለች የአፈር ኩሬ አለችኝ፣ ቲላፒያ ነው ያለው፣ ከኩሬው ዝቅ ብሎ ደግሞ 100 ካሬ የምትሆን መሬት ላይ ቲማቲም ሽንኩርት ጎመንና ባቄላ አለማለሁ። እስካሁን ኩሬው ለብቻው አትክልቱ ለብቻው ነበር፣ አሁን ግን የኩሬውን ውሃ ወደ መደቡ ለመልቀቅ፣ ኩሬው ሲጠረግ የሚወጣውንም ጭቃ በማዳበሪያ ፋንታ ለመበተን አስቤያለሁ። ይሄን ሳወራ አንድ ሰው «ባክቴሪያ ካልጨመርክበት ልፋት ነው» ብሎ ሁለት ጠርሙስ አሳየኝ። አንዱ ኩሬ ውስጥ ተጨምሮ አሞኒያ ይጨርሳል የሚባል ነው፣ ሌላኛው አፈር ላይ የሚረጭ «ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን» የሚል፣ ምን ዓይነት ባክቴሪያ እንደሆነ እንኳን ላዩ ላይ አልተፃፈም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ይሄ ነገር በምርምር የተረጋገጠ ነው ወይስ ወሬ ነው፣ የኩሬ ውሃስ ብቻውን ማዳበሪያ ይተካል ወይ፣ ባቄላውንም ጎመኑንም እኩል ባጠጣ ችግር አለው ወይ የሚለውን ነው። የምታውቁ በናታችሁ ዘርዘር አድርጉልኝ፣ ቢረዝምም አነበዋለሁ።

ደለል፦
ወንድሜ አትጨነቅ ልቀቀው። ውሃው አረንጓዴ የሆነው እኮ ንጥረ ነገር ስላለው ነው፣ ከምትሰጠው መኖ አብዛኛው ዓሳው ጋር ሳይሆን ውሃው ውስጥ ነው የሚቀረው። እኔ በቆሎና ቲማቲም በኩሬ ውሃ ነው የማጠጣው፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው የሚሆነው። ስለ ጠርሙሱ ግን ምንም አልልህም፣ ነክቼውም አላውቅ።

ሒሳብ_ወዳድ፦
ደለል ያልከው ልክ ነው ግን መጠኑ ላይ እንነጋገር፣ «ንጥረ ነገር አለው» እና «ማዳበሪያ ይተካል» ለየቅል ናቸው። 30 በመቶ ፕሮቲን ያለው 1 ኪሎ መኖ ውስጥ 300 ግራም ፕሮቲን አለ፣ ከፕሮቲኑ 16 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 48 ግራም ናይትሮጅን ማለት ነው። ዓሳው ሰውነቱ ውስጥ የሚያስቀረው ሩብ ገደማውን ነው፣ ቀሪው 36 ግራም አካባቢ አብዛኛው በመተንፈሻው በኩል አሞኒያ ሆኖ፣ የተወሰነው በኩስ መልክ ይወጣል። ይሄን ስትሰማ ብዙ ይመስልሃል፣ ኩሬው ውስጥ ሲበተን ግን ሌላ ነው። አየር መንፊያ የሌለው ተራ የአፈር ኩሬ ውሃ በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ናይትሮጅን ነው የሚኖረው፣ 3 እንበል። 100 ካሬ መደብ በአንድ የምርት ወቅት 500 ሚሊሜትር ውሃ ቢጠጣ 50 ሺህ ሊትር ይሆናል፣ በ3 ሚሊግራም ስታባዛው 150 ግራም ናይትሮጅን ይመጣል። ቲማቲም ደግሞ በሄክታር 100 ኪሎና ከዛ በላይ ናይትሮጅን ይፈልጋል፣ ለ100 ካሬ 1 ኪሎ በለው። ስለዚህ ውሃው የሚሸፍንልህ ከሚያስፈልገው አንድ ሰባተኛውን ገደማ ነው።

ይሄን የምለው አታጠጣ ለማለት አይደለም፣ ውሃ ማጠጣትህ ለማይቀር ነገር 150 ግራሙ ትርፍ ነው። ግን እሱን ተማምነህ ኮምፖስቱንም ማዳበሪያውንም ካቋረጥክ ቲማቲሙ ፍሬ መያዝ ሲጀምር የታችኛው ቅጠል ይገረጣብሃል። ዓሳው በአየር መንፊያ ታጭቆ የሚረባ ከሆነ ውሃው ብዙ እጥፍ ሊከብድ ይችላል፣ ስለዚህ የራስህን ውሃ አስለካ።

ደለል፦
ሒሳቡ ገብቶኛል፣ ግን ከእያንዳንዱ ኪሎ መኖ 36 ግራም እየገባ ውሃው ላይ የሚገኘው ይሄ ብቻ ከሆነ ሌላው የት ገባ? እኔ ማሳዬ ላይ ለውጥ አይቻለሁ፣ ያየሁትን ደግሞ አልክድም።

የአፈር_ልጅ፦
ደለል ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ጭቃው ውስጥ ነው ያለው። ከሚወጣው ናይትሮጅን ከፊሉን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ይወስደዋል፣ አልጌው ሲሞት ወደ ታች ይወርዳል፣ ያልተበላ መኖና የዓሳው ኩስም አብሮ ይዘቅጣል። እዛ ታች ኦክስጅን የሚደርሰው ጭቃው ላይኛዋ ጥቂት ሚሊሜትር ድረስ ብቻ ነው፣ ከዛ በታች ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ በናይትሬት፣ ማለትም ናይትሮጅንና ኦክስጅን ባለበት ውህድ ይተነፍሳሉ፣ እንደዛ ሲሆን ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። ፎስፈረስ ግን እንደሱ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም፣ ጭቃው ላይ ተጣብቆ ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል። ስለዚህ የአፈር ኩሬ ትልቁ ሀብት ውሃው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሳይሆን ጭቃው ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ኦርጋኒክ ነገር ነው። አንተ ያየኸው ለውጥ ከውሃው ጋር እየተሳበ የመጣው ደለል ያመጣው ሊሆን ይችላል፣ ማንም አይክድብህም።

ጭቃውን ስታወጡ ግን እርጥቡን እንዳለ ችግኝ ስር አትከምሩት። አካፋ ስትሰዱበት ከስር የሚመጣው ጥቁር ከሆነና የገማ እንቁላል ከሸተተ ሰልፋይድ አለበት፣ ለስርም ለዓሳም መርዝ ነው። ስስ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ እየተሰነጣጠቀ ወደ ግራጫ ወይ ቡኒ ሲለወጥና ሽታው ሲጠፋ አየር አግኝቶ ተብላልቷል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ከኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ መበተን ነው።

ወደ አፈሩ ጠርሙስ ስመጣ እኔም ሒሳብ ልስራ። ለም አፈር 1 ግራሙ ላይ እስከ 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ይኖረዋል። የአንድ ሄክታር የላይኛው 15 ሳንቲሜትር አፈር 2,000 ቶን ገደማ ይመዝናል። ጠርሙሱ በሚሊሊትር 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ አለው ብለን ብንቀበልና 1 ሊትሩን ሄክታሩ ላይ ብትረጨው፣ ለእያንዳንዷ አዲስ ገቢ ባክቴሪያ 20 ሚሊዮን ነባር ይደርሳታል። ነባሮቹ አፈሩን ለምደውታል፣ ያለችውን ምግብ ይሻሙበታል፣ እዛው ደግሞ ባክቴሪያ እየለቀሙ የሚበሉ ፕሮቶዞዋዎች አሉ። እንዲሁ የሚረጭ ቅልቅል ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተፈልጎ የማይገኘው ለዚህ ነው። አፈሩ ላይ ኦርጋኒክ ነገር ጨምረህ፣ አሲዳማነቱን በኖራ አስተካክለህ፣ ባዶውን ሳትተው ሸፍነህ ብትይዘው ግን ነባሮቹ ራሳቸው ይበዙልሃል።

ኩሬና_መደብ፦
እንዴ 20 ሚሊዮን!! እህቴ ይሄን ማንም አልነገረኝም። ግን እንደዛ ከሆነ ለባቄላ ዘር የሚቀባው ሕያው ማዳበሪያስ? እሱም ያው ባክቴሪያ አይደል፣ እሱ ለምን ይሰራል?

የአፈር_ልጅ፦
ራይዞቢየም ማለትህ ነው፣ እሱ በደንብ የተፈተነ ነው። ሄልሪገልና ዊልፋርት የሚባሉ የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1886 ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኘው ስሩ ላይ ባሉት እባጮች በኩል መሆኑን አሳዩ፣ በ1888 ደግሞ ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገው። ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ ራይዞቢየም ማሳ ሙሉ ሆኖ ከ20 ሚሊዮኑ ጋር አይጋፋም፣ ዘሩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚገባው። ስሩ ብቅ ሲል እሱ እዛው አጠገቡ ነው፣ ስሩ ኬሚካል እየለቀቀ ይጠራዋል፣ በስሩ ፀጉር በኩል ያስገባዋል፣ ከገባ በኋላ ስኳር እየተቀለበ ለብቻው በተሰራለት እባጭ ውስጥ ይኖራል። ብራዚል አኩሪ አተርን ያለ ናይትሮጅን ማዳበሪያ በዛ ስፋት ማምረት የቻለችው በዚህ ነው፣ ዮሐና ዶበራይነር የምትባል የአፈር ማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ለዚህ ትልቅ ባለውለታ ናት፣ እኔ በበኩሌ ስሟ ከዚህም በላይ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ግን ዝርያው መግጠም አለበት። ለባቄላ ለአተርና ለምስር አንድ ነው፣ ለሽምብራ ሌላ፣ ለአኩሪ አተር ሌላ፣ ለቦሎቄም ሌላ፣ ስለዚህ «ለጥራጥሬ ሁሉ» የሚል ማሸጊያ ካየህ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ጠይቅ። ዘሩን ጥላ ስር ቀባው ፀሐይ ይገድለዋል፣ ከማዳበሪያ ጋር አትለውሰው፣ እንደቀባህ ዝራው። መሬትህ ላይ ከዚህ በፊት ባቄላ ወይም አተር በደንብ በቅሎ ከነበረ ነባሩ ሊበቃህ ይችላል።

እንዴት አውቃለሁ ካልክ፣ አበባ ሊያወጣ ሲል አንድ ሁለት ተክል ምረጥና አትንቀለው፣ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረህ ከነአፈሩ አንስተህ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ እያልክ እጠበው፣ ጎትተህ ከነቀልከው እባጩ አፈር ውስጥ ነው የሚቀረው። ዋናው ስር አጠገብ ያሉትን ትላልቆቹን በጥፍርህ ለሁለት ክፈላቸው። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሰራ ነው፣ ቀለሙ የሚመጣው ሌግሂሞግሎቢን ከሚባል የኛን ደም ከሚያቀላው ጋር ዘመድ ከሆነ ፕሮቲን ነው፣ ለባክቴሪያው ኦክስጅን የሚመጥንለት እሱ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም ጥቅም የሌለው ዝርያ ነው የገባው፣ አረንጓዴ ወይም ቡኒ ከሆነ እድሜው አልፏል።

ሒሳብ_ወዳድ፦
የአፈር ልጅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ባቄላ እባጭ አይሰራም ሲባል እሰማለሁ፣ ታዲያ የኩሬው ውሃ ባቄላውን አይጎዳውም? በኔ ሒሳብ በሄክታር ሲሰላ 15 ኪሎ ናይትሮጅን ነው የሚገባው።

የአፈር_ልጅ፦
15 ኪሎ በወቅቱ ሙሉ ተከፋፍሎ ከገባ ብዙም አያሰንፈውም። ከሱ ላይ ፍግና ዩሪያ ከተደረበ ግን ተክሉ ናይትሬት እንደልቡ እያገኘ ለባክቴሪያ ስኳር የሚከፍልበት ምክንያት የለውም፣ እባጩን ይቀንሳል። እኔ የምመክረው ቀላል ነው፣ ናይትሮጅን ያለውን ውሃ ለቲማቲሙና ለጎመኑ ስጥ፣ ለባቄላው የደረቀውን ጭቃ ስጥ። እባጭ ለመስራትና ናይትሮጅን ለመያዝ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ባቄላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ቶሎ ይታወቅበታል፣ ጭቃው ያለው ደግሞ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ቦይ ለሁሉም ይለቃል።

የውሃ_ዘበኛ፦
ልጆች ስለ ኩሬው ጠርሙስ ደግሞ እኔ ልበል፣ ዓሳ እርባታ ላይ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። አሞኒያን ወደ ናይትራይት ከዛም ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ናይትሮሶሞናስ፣ ናይትሮባክተርና ናይትሮስፓይራ የሚባሉት ናቸው። ድሮ ሁለቱን ደረጃ አንድ ባክቴሪያ ብቻውን አይጨርሰውም ይባል ነበር፣ በ2015 ግን አንዳንድ ናይትሮስፓይራ ብቻቸውን ከጫፍ ጫፍ እንደሚሰሩት ታወቀ። እነዚህ ሁሉ ሲባዙ ዝግ ያሉ ናቸው፣ አንዷ ሁለት ለመሆን ግማሽ ቀንና ከዛ በላይ ይፈጅባታል፣ ክፉ ቀን የሚያልፉበት ስፖርም አይሰሩም። ስለዚህ ደረቅ ዱቄት ሆኖ መደርደሪያ ላይ የከረመ «አሞኒያ ጨራሽ» ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ባሲለስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ባሲለስ ስፖር ስለሚሰራ ይቆያል፣ ኦርጋኒክ ነገር በማብላላትም ጎበዝ ነው፣ የናይትሮሶሞናስን ስራ ግን አይሰራልህም። አሜሪካ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሎድ ቦይድ የሚባል የኩሬ ውሃ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የካትፊሽ ኩሬ ላይ የሚሸጥ ባክቴሪያ ጨምረው ካልተጨመረበት ኩሬ ጋር ሲያነፃፅሩ የዓሳው በሕይወት መትረፍ ላይ መሻሻል ቢያዩም የውሃው ጥራት ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም።

ኩሬህ ውስጥ ባክቴሪያው አለ ልጄ፣ የሚጎድለው የሚሰራበት ነገር ነው። 1 ግራም አሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት እስኪደርስ 4.57 ግራም ኦክስጅን ይበላል፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7.14 ግራም አልካላይኒቲም፣ ማለትም ውሃው አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቀውን፣ ይጨርሳል። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ዓሳው ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ አየር የሚስብ ከሆነ ኦክስጅን የለም፣ ባክቴሪያ በባልዲ ብትደፋም አይሰራም። አልካላይኒቲህ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደግሞ የግብርና ኖራ ጨምር፣ የተፈጨውን የኖራ ድንጋይ ማለቴ ነው። የተቃጠለውን ኖራ ዓሳ ባለበት ኩሬ ውስጥ እንዳትጨምር፣ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲዳማነት መለኪያ) ባንዴ ሰቅሎ ዓሳውን ይፈጅብሃል።

አሞኒያውንም መቼ እንደምትለካ እወቅ። መርዙ አሞኒየም የሚባለው ሳይሆን አሞኒያው ራሱ ነው፣ የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው ፒኤችና ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው መርዙ 1 በመቶም አይሞላም፣ 8 ላይ 5 በመቶ ይደርሳል፣ 9 ላይ ከሦስት እጅ አንዱን ያልፋል። አረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ደግሞ አልጌው ቀኑን ሙሉ ካርቦንዳይኦክሳይድ ሲስብ ስለሚውል ፒኤቹ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። ጠዋት ለክቶ «ሰላም ነው» የሚል ሰው ከሰዓት ዓሳው ለምን መኖ እንደሚተው አይገባውም። ኦክስጅንን ጠዋት፣ አሞኒያንና ፒኤችን ከሰዓት ለኩ። አሞኒያ ከፍ ካለብህ የመጀመሪያው መድኃኒት መኖ መቀነስ ነው።

ሕይወት_በውሃ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን የጠዋትና የከሰዓቱን ነገር በደንብ አስረዱኝ። ግን ባዮፍሎክ የሚባለውስ? ሞላሰስ (የስኳር ተረፈ ምርቱን) ብቻ ጨምሩ አሞኒያው ይጠፋል ሲሉ እሰማለሁ፣ ኩሬዬ ውስጥ ልሞክረው ብዬ ነበር።

የውሃ_ዘበኛ፦
ልጄ እሱ እውነተኛ ሳይንስ ነው ግን «ብቻ» የሚለው ቃል ነው ችግሩ። አቭኒሜሌክ የሚባል ተመራማሪ በ1999 ባሳተመው ስራ 1 ግራም አሞኒያ ናይትሮጅን ባክቴሪያ ሰውነቱ ውስጥ እንዲያስገባው 20 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ስኳር ስታገኝ ባክቴሪያዋ ትራባለች፣ ለመራባት ፕሮቲን ትሰራለች፣ ለፕሮቲኑ አሞኒያውን ትወስዳለች፣ ተሰባስበውም ፍሎክ የሚባለውን ጥጥ መሳይ ነገር ይሰራሉ፣ ቲላፒያ ያንን እየለቀመ መልሶ ይበላዋል። በጣም ግሩም ነገር ነው። ግን ያ ሁሉ ባክቴሪያ ይተነፍሳል። አየር መንፊያ ሌት ተቀን መስራት አለበት፣ ውሃው መዟዟር አለበት፣ መብራት ለአጭር ሰዓት ቢጠፋ እንኳን ሙሉ ኩሬ ዓሳ ሊያልቅ ይችላል። አየር መንፊያ በሌለው የአፈር ኩሬ ሞላሰስ መድፋት ኦክስጅኑን ሌሊት አሟጦ ጠዋት የሞተ ዓሳ መልቀም ነው። አየር መንፊያና መጠባበቂያ ጄኔሬተር ከሌለሽ እባክሽ አትጀምሪው።

ናፍቆት፦
እኔ ሽንኩርትና ጎመን ነው የምተክለው፣ ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ ልግዛ ወይ ብዬ ነበር፣ እሱስ እንደ ራይዞቢየም ነው ወይስ እንደዛ የሚረጨው ነው?

የአፈር_ልጅ፦
በመሃል ነው ናፍቆት። ማይኮራይዛ ስሩ ውስጥ ገብቶ ክሩን ወደ አፈሩ ይዘረጋል፣ ስሩ የማይደርስበትን ፎስፈረስ ያመጣል፣ ሽንኩርት ስሩ አጭርና ፀጉር አልባ ሊባል የሚችል ስለሆነ በጣም ይጠቀምበታል። ጎመን ግን ከነዘመዶቹ፣ ማለትም ሰናፍጭና ጎመን ዘር፣ ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጅም፣ ስፒናችና ቀይ ስርም እንደዛው። ስለዚህ ለጎመን ማይኮራይዛ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ለሽንኩርቱም አፈሩ ብዙ ፎስፈረስ ካለው ተክሉ ፈንገሱን አያስተናግደውም፣ የኩሬ ጭቃ በየዓመቱ የሚበተንበት መደብ ላይ ደግሞ ፎስፈረስ መጠራቀሙ አይቀርም። ከገበያው በፊት ነባሩን ፈንገስ ጠብቂ፣ አፈሩን እየደጋገምሽ አትገልብጪው፣ ጎመን በተነሳበት ቦታ ላይ ወዲያው ሽንኩርት ከመትከል በመሃል ባቄላ ወይ በቆሎ አስገቢ፣ ፈንገሱ የሚኖርበት ስር ያገኛል።

ደለል፦
ይሄን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ዓሳው ታሞ ናይትራይት ሲበዛ ጨው ጨምር ይባላል አይደል፣ ያ ውሃ ለአትክልት ይሆናል?

የውሃ_ዘበኛ፦
ጥሩ አነሳህ። ናይትራይት በዓሳው ደም ውስጥ ገብቶ ደሙን ቡኒ ያደርገዋል፣ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ መተንፈሻው ላይ ናይትራይቱን ስለሚከለክለው ዓሳው ይተርፋል፣ ይሄ የታወቀ ሕክምና ነው። ጨው የገባበትን ውሃ ግን ባቄላና ሽንኩርት ላይ አትልቀቅ፣ ሁለቱም ጨው አይችሉም፣ ሶዲየሙም ሸክላማ አፈር ላይ ሲደጋገም አፈሩን ያጨማልቀዋል። አንቲባዮቲክ ያለው መኖ ስትሰጥም ውሃውን ወደ መደቡ አትስደደው፣ የአፈሩ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱት ታደርጋለህ። ደግሞ ኩሬህን በፍግ የምታለማ ከሆነ ውሃውን በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ ከላይ አትርጨው፣ በቦይ ወይም በጠብታ ስሩ ላይ ስጠው።

ማሳው_ይናገር፦
የምትሉትን ሁሉ በአክብሮት ነው ያነበብኩት፣ ግን አንድ ነገር ልናገር። እናንተ ሁሉንም ነገር ቁጥር ታደርጉታላችሁ፣ ገበሬው ግን ማሳውን በየቀኑ ያየዋል፣ ምን እንደሰራ ምን እንዳልሰራ ከማንም በላይ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማሰሮ አፈር ላይ የተሰራ ምርምር ለኔ ማሳ መልስ አይሆነኝም። አንድ ጎረቤቴ ያንን የሚረጭ ነገር ተጠቅሞ ምርቱ ጨምሮለታል፣ እሱን ምን ትሉታላችሁ?

የአፈር_ልጅ፦
ወንድሜ በግማሹ ከልቤ እስማማለሁ፣ የማሰሮ ውጤት ማሳ ላይ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፣ መልሱ መገኘት ያለበት ያንተው ማሳ ላይ ነው። ግን ዓይን ብቻውን የሚሸወድበት ምክንያት አለ። የረጨበት ዓመት ዝናቡ ጥሩ ከነበረ፣ ወይም የረጨው ቦታ ከድሮም የተሻለ አፈር ከነበረ፣ ጭማሪው ከጠርሙሱ ይሁን ከዝናቡ በምን ይለያል? ያልተረጨ ቦታ እዛው አጠገቡ ካልተወ በስተቀር ማንም ሊለየው አይችልም። ይሄ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አይፈልግም፣ ገመድ ካስማና ሚዛን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ኩሬና_መደብ፣ አንተ ካለህ መሬት ላይ ቲማቲሙ ያለበትን ውሰድና 12 ትናንሽ እኩል መደቦች አድርገው። ከላይ ከውሃው አጠገብ ካሉት ጀምረህ ወደ ታች በአራት ረድፍ ሦስት ሦስት እያደረግክ ክፈላቸው፣ ምክንያቱም ታችኛው ሁሌም ይረጥባል፣ እርስ በርስ የሚነፃፀሩት ተመሳሳይ እርጥበት ላይ ያሉት መሆን አለባቸው። በየረድፉ አንዱ ውሃ ብቻ፣ አንዱ ጠርሙሱ፣ አንዱ ደግሞ የሞተ ጠርሙስ ይደርሰዋል፣ የትኛው የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ አውጣው፣ አንተ አትምረጥ። የሞተ ያልኩት ለምን መሰለህ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሞላሰስ፣ ናይትሮጅን፣ አንዳንዴም የባህር አረም ጭማቂ ሊኖር ይችላል፣ ተክሉ ከሱ ተጠቅሞ ምስጋናው ለባክቴሪያ ይሄዳል። ስለዚህ ከዛው ፈሳሽ ላይ ከፍለህ ግደለው። ማፍላት አይበቃም የባሲለስ ስፖር የፈላ ውሃ አይገድለውም፣ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ በክዳኑ ላላ ባለ ጠርሙስ አድርገህ ሙሉ ግፊት ከያዘ በኋላ ግማሽ ሰዓት አቆየው፣ ሲቀዘቅዝ ተጠቀምበት። ሕያው የተረጨባቸው ከሞተ የተረጨባቸው በአራቱም ረድፍ ከበለጡ ባክቴሪያው ሰርቷል፣ ሁለቱ እኩል ሆነው ከውሃ ብቻው ከበለጡ የገዛኸው ውድ የሆነ ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው፣ ሦስቱም እኩል ከሆኑ ገንዘብህን ለኮምፖስት አድርገው።

ሒሳብ_ወዳድ፦
ይሄንን ዕጣና ድግግሞሽ ግብርና ውስጥ ያስገባው ፊሸር የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው፣ እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ከ1919 ጀምሮ ሲሰራ ማሳ ላይ ካጋጠመው ከዚሁ ጥያቄ ተነስቶ ነው፣ ማለትም ከገበሬው ጥያቄ። ኩሬ ላይ ስትሞክሩ ግን ተጠንቀቁ፣ ባክቴሪያ የተጨመረበት አንድ ኩሬና ያልተጨመረበት አንድ ኩሬ ካሉህ ከየአንዳንዳቸው መቶ ዓሳ ብትመዝንም ያለህ አንድ ለአንድ ማነፃፀሪያ ነው። የኩሬዎቹ ልዩነት ድሮም ሊኖር ይችላል።

ሕይወት_በውሃ፦
ስለ ዓሳና ሰብል አንድ ላይ ካወራን አይቀር፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ዓሳ የሚለቁትን ሳትጠቅሱ እንዳታልፉ። ቻይና ዠጂያንግ ውስጥ የተሰራና በ2011 የወጣ ጥናት አለ፣ ዓሳ ያለበት ሩዝ ዓሳ ከሌለበት ጋር ተመጣጣኝ ምርት ሰጥቶ ፀረ ተባዩ በ68 በመቶ፣ የኬሚካል ማዳበሪያው በ24 በመቶ ቀንሷል። ዓሳው ግንዱን ሲገጨው ተባዩ ወደ ውሃው ይወድቅና ይበላዋል። ያም ሆኖ በጠርሙስ የመጣ ነገር የለበትም፣ ሁሉም እዛው ካለው ነገር ነው።

ማሳው_ይናገር፦
የሞተውን ጠርሙስ ነገር ወድጄዋለሁ። ይሄ እኔም ማሳ ላይ የሚቻል ነው፣ ጎረቤቴንም አሳየዋለሁ፣ ውጤቱን ይዤ እመጣለሁ።

ኩሬና_መደብ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎንም በተለይ። የኩሬውን ጠርሙስ ትቼ ቴስት ኪትና የግብርና ኖራ እገዛለሁ። ውሃው ለቲማቲሙና ለጎመኑ፣ የደረቀው ጭቃ ለባቄላው፣ ሽንኩርቱ ላይ ጭቃውን ቆጠብ አደርጋለሁ። ቲማቲሙን በ12 ከፍዬ የአፈሩን ጠርሙስ እሞክረዋለሁ። የአፈር ልጅ አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ የትኛው መደብ ምን እንደደረሰው እኔ ራሴ ካወቅኩ ስመዝን ዓይኔ አያዳላም?

የአፈር_ልጅ፦
ያዳላል፣ የማንም ዓይን ያዳላል። ሌላ ሰው ፈሳሾቹን በተመሳሳይ ዕቃ ቀድቶ ሀ ለ ሐ ብሎ ይፃፍባቸው፣ ውሃው ላይም ቀለሙን የሚያመሳስል ትንሽ ነገር ያድርግበት፣ የትኛው ምን እንደሆነ የፃፈበትን ወረቀት ምርቱ ተመዝኖ እስኪያልቅ ደብቆ ይያዘው። ስትመዝን ደግሞ የየመደቡን ጠርዝ ላይ ያሉትን ተክሎች ተዋቸው፣ ስራቸው ወደ ጎረቤት መደብ ስለሚሻገር መሃል ያሉትን ብቻ መዝን፣ ቲማቲም ተለቅሞ አንዴ አያልቅምና የየለቀማውን ክብደት በየመደቡ ለይተህ ደምር።